ከመጫንሽ በፊት መመለሻሽን አብጂ

ቆይ እህቴ፣ «አሁን አሻሽል» የሚለውን ገና አትጫኚው። ከኋላሽ ቆሜ ሳይሽ እጅሽ ፈጥኗል፤ መፍጠኑን አልጠላሁትም። ሳምንቱን ሙሉ ስትለፊ ከርመሽ ከዚህ ላፕቶፕ ጋር ረጋ ብለሽ የምትገናኚው ዓርብ ነው። ዛሬ የግዕዙን ኪቦርድ ልትጭኚ፣ ፕሪንተሩን ልታገናኚ፣ የጀመርሽውን ኮርስ ልትቀጥዪ አስበሻል፤ ማሽኑ ደግሞ መጀመሪያ ይኼን ሁሉ ፓኬጅ አፕዴት አድርጊ ብሎ ይዞሻል። አድርጊ፣ አልከለክልሽም። ግን ሁለት ነገር መልሺልኝ። ጨርሰሽ አጥፍተሽ ስታበሪው አልነሳም ቢልሽ፣ ዛሬ ጠዋት ወደነበረበት የምትመልሽበት መንገድ አለሽ? ካለሽስ መንገዱ በራሱ ይሠራል፣ ወይስ አንቺ እስክታስታውሺው ይጠብቃል?

የሁለተኛው መልስ ይበልጥብኛል። ጥንቃቄን በሰው ትዝታ ላይ የጣለ ሰው የሚረሳው የሚያስፈልገው ቀን ላይ ነው፤ የሚቸኩለውም ያን ቀን ነውና። ስለዚህ የምመክርሽ ነገር አንድ ነው፦ ፓኬጅ ሲገባ፣ ሲወጣና ሲቀየር ኮምፒውተሩ አስቀድሞ የራሱን ስናፕሾት፣ ማለትም የዚያን ቅጽበት መልኩን፣ እንዲያነሳ አድርጊው። አንቺ ሳትጠየቂ፣ ሳታስቢው፣ በየጊዜው።

ለምን ይኼን ያህል አጥብቄ እንደያዝኩት ልንገርሽ። ኦማን ከሜይ 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜን የዕረፍት ቀን አድርጋለች፤ በሰው ቤት ከሚሠሩት እህቶቻችን ግን ሁለቱንም የምታገኘው ስንቷ ናት? አንቺም ያለሽ አንድ ቀን ነው። ያ ቀን በተሰበረ አፕዴት ከተበላ ትምህርቱ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይዛወራል፤ የሚቀጥለውም ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። ላፕቶፑን እዚህ ሙስካት፣ ሩዊ ወስደሽ ለጥገና ብትሰጪው ደግሞ ብዙ ባለሱቅ ሊኑክስ መሆኑን ሲያይ የሚያቀርብልሽ መፍትሔ አንድ ነው፦ ሁሉንም አጥፍቶ ዊንዶውስ መጫን። ፋይልሽም፣ ስንት ሌሊት ያስተካከልሽው ነገርም አብሮ ይሄዳል፤ ገንዘቡንም ትከፍያለሽ።

ሊኑክስ እዚህ አገር ባዕድ ስለሆነ አይደለም። አል ኹድ ያለው የሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲ በ2013 እና በ2015 እ.ኤ.አ. የነፃና ክፍት ሶፍትዌር ጉባኤ አስተናግዷል፤ የአገሪቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ባለሥልጣንም ክፍት ሶፍትዌር እንዲስፋፋ ፕሮግራም ነበረው። ጉባኤው የተካሄደው አል ኹድ፣ አንቺ ያለሽው የአሠሪሽ ቤት ጓዳ ነው እንጂ እውቀቱ እዚሁ ሙስካት ውስጥ አለ። እስክትደርሺበት ድረስ ራስሽን የምታድኚበትን ነገር በእጅሽ መያዝ አለብሽ።

አፕዴት የሚሰበረው አንቺ ስላልቻልሽ አይምሰልሽ። በጁላይ 19 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ አንድ የተበላሸ አፕዴት ለቀቀና ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ ቆሙ። አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አዛወሩ። ብዙዎቹን ማሽኖች ለማስነሳት ሰው ከእያንዳንዱ ፊት ተቀምጦ በጥንቃቄ ሁነታ ከፍቶ አንዲት ፋይል መሰረዝ ነበረበት። እነዚያ በሺህ የሚቆጠር ባለሙያ ያላቸው ድርጅቶች ናቸው። አንቺ ያለሽ የራስሽ ሁለት እጅና አንድ ዓርብ ነው።

ደግሞ «እንግዲያው አፕዴት አላደርግም» እንዳትዪኝ። ይኼን ያሉ ልጆች አውቃለሁ፤ ዓመት ሙሉ ሳያሻሽሉ ይቆዩና አንድ ቀን ሁሉንም በአንዴ ሲያደርጉት የሚፈሩት ነገር ይደርስባቸዋል። የደህንነት ቀዳዳ የሚደፈነው በአፕዴት ነው፤ የባንክ ሂሳብሽን በምትከፍቺበት ማሽን ላይ ይኼን መተው ከስብራቱ የከፋ ነው።

«የተበላሸውን ፓኬጅ አወጣዋለሁ» ትይኝ ይሆናል። እሱ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። ፓኬጅ ብቻውን አይገባም፤ የሚደገፍባቸውን ሌሎች ፓኬጆች ይዞ ይገባል፣ አንዳንዶቹን ወደ አዲስ ስሪት ይገፋል፣ ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያሉትን የቅንብር ፋይሎች ይነካል፣ ሲጫንም የራሱን ትንንሽ ትእዛዞች ያስኬዳል። ስታወጪው እሱ ይወጣል፤ የቀየረው ሁሉ ግን ወደ ቦታው አይመለስም። የቀድሞውን ስሪት ፈልገሽ ልትጭኚም ብትዪ፣ እንደ ኡቡንቱ ያለው ማከማቻ በመሐል የነበሩትን ስሪቶች አያስቀምጥልሽም። ዴቢያንም ወደ ኋላ መውረድን በይፋ አይደግፍም። አንዱን ፓኬጅ ወደ ኋላ ስትጎትቺ ሌላው አልስማማም ይልሻል፣ እሱን ስትጎትቺ ሦስተኛው፤ ሲመሽ ራስሽ ምን እንደነካሽ አታውቂም። ስናፕሾት የትኛው ፓኬጅ እንዳጠፋ አይጠይቅሽም። ሁሉንም አንድ ላይ፣ ከመነካቱ በፊት ወደነበረበት ይመልሰዋል።

አሠራሩ ከገባሽ አትፈሪውም። የእቁብ ጸሐፊ መዝገብ አስቢ። ጠንቃቃ ጸሐፊ የቆየውን መስመር በላጲስ አያጠፋም፤ አዲሱን ከታች ይጽፍና አሁን የሚሠራው ይኼ ነው ብሎ ምልክቱን ያዛውራል። ቢተርኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሲስተም የሚጽፈው እንደዚያ ነው። ፋይል ሲቀየር በነበረው ላይ አይጽፍበትም፤ አዲሱን ዲስኩ ላይ ሌላ ቦታ ያኖርና አድራሻውን ያዞረዋል። ስናፕሾት ማለት የድሮዎቹን አድራሻዎች ዝርዝር መያዝ ነው። ስለዚህ ሲነሳ ዓይን እስክትጨፍኚ ይጨርሳል፣ ሲነሳም ቦታ አይበላም ማለት ይቻላል። ቦታ መብላት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ፋይሎቹ እየተቀየሩ ሲሄዱ ነው፤ አሮጌውም አዲሱም አብረው ይቀመጣሉና። ይኼን የመጨረሻውን ያዢው፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሰን ማይክሮሲስተምስ ዜድኤፍኤስ የተባለውን ተመሳሳይ ፋይል ሲስተም በ2005 እ.ኤ.አ. ለቀቀ፤ ቢተርኤፍኤስን ኦራክል ውስጥ ይሠራ የነበረው ክሪስ ሜሰን በ2007 ጀመረውና በ2009 ከሊኑክስ ከርነል 2.6.29 ጋር ገባ። ለኛ ጉዳይ ትልቁን ሥራ የሠሩት ግን ጀርመን ያለው የሊኑክስ ኩባንያ፣ የሱሴ ሰዎች ናቸው ባይ ነኝ። በኖቬምበር 2011 ኦፕንሱሴ ከሚባለው ሊኑክስ 12.1 ስሪት ጋር ስናፐር የተባለውን መሣሪያ አወጡና ከፓኬጅ አስተዳዳሪው ጋር አያያዙት። በ2014 ከወጣው 13.2 ጀምሮ ደግሞ ሲስተሙ የሚቀመጥበትን ዋናውን ክፍል በቢተርኤፍኤስ ማዘጋጀት የተለመደ ምርጫቸው ሆነ። ዛሬ ኦፕንሱሴ ላይ ዚፐር በሚባለው ፓኬጅ አስተዳዳሪ አንድ ነገር ስትጭኚ ስናፐር ሳትነግሪው ሁለት ስናፕሾት ያነሳል፤ አንዱን ከመነካቱ በፊት፣ ሌላውን ከተነካ በኋላ። ሁለቱ በቁጥር ስለሚጣመሩ በመሐላቸው የትኛው ፋይል እንደተጨመረ፣ የትኛው እንደጠፋ፣ የትኛው እንደተቀየረ አውጥቶ ያሳይሻል። ማሽኑ አልነሳ ቢል ሲበራ በሚመጣው የግረብ ሜኑ ላይ ከድሮ ስናፕሾት መነሳት የሚል ምርጫ አለ። ትገቢበታለሽ፣ ደህና መሆኑን ታያለሽ፣ ከዚያ ተርሚናል ላይ የስናፐርን የሮልባክ ትእዛዝ ሰጥተሽ እንደገና ታስነሺዋለሽ። አለቀ። ኡቡንቱም በ20.04 ላይ በዜድኤፍኤስ ያንኑ ሞክሮ ነበር፤ ሥራው ግን አልቀጠለም።

በእጅሽ ያለው ላፕቶፕ ላይ የተጫነው ግን ሊኑክስ ሚንት ነው፣ ፋይል ሲስተሙም ኤክስት 4። ኤክስት 4 በራሱ ስናፕሾት ማንሳት አይችልም። ተስፋ አትቁረጪ፤ ሚንት በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው 18.3 ስሪቱ ጀምሮ ታይምሺፍት የሚባል ፕሮግራም አብሮ ይዞ ይመጣል። እዚያ ሜኑ ውስጥ አለ፤ እስካሁን ያልከፈትሽው አንቺ ነሽ። ታይምሺፍት በሁለት መንገድ ይሠራል። ዲስክሽ ቢተርኤፍኤስ ከሆነ እውነተኛውን ስናፕሾት ያነሳል። ኤክስት 4 ከሆነ ደግሞ አርሲንክ በሚባለው መንገድ የሲስተሙን ፋይሎች ይገለብጣል። የመጀመሪያው ግልባጭ ሙሉ ስለሆነ ጊዜም ቦታም ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚገለበጠው የተቀየረው ብቻ ነው፣ ያልተቀየረው ከቀድሞው ጋር ይጋራል። ፍጥነቱ እንደ ቢተርኤፍኤስ ባይሆንም የሚያድንሽ ግን እኩል ነው። ማሽኑን እንደገና የምትጭኚበት ቀን ከመጣ ቢተርኤፍኤስን ምረጪ፤ ለዚህ ብለሽ ግን ዛሬ የሚሠራውን አታፍርሺ።

ታይምሺፍት ስትከፍቺ በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በየወሩ፣ ሲበራ፣ የሚሉ ምርጫዎች ታያለሽ። የቀኑን አብሪና ሦስት ይበቃኛል በይው፤ የሳምንቱን ሁለት። ይኼ ሁሉ ግን በሰዓት ወይም ማሽኑ ሲበራ የሚሠራ ነው። አንቺ ዓርብ ከሰዓት ፓኬጅ ስትነኪ የመጨረሻው ስናፕሾት የትናንት ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ያስተካከልሽው ቅንብር በመሐል ይወድቃል። የምፈልግልሽ ከፓኬጅ ሥራ ጋር የተያያዘውን ነው። አፕት የሚባለው ፓኬጅ አስተዳዳሪ ለዚህ በር አለው፦ በቅንብር ፎልደሩ ውስጥ «ጫኙ ዲፒኬጂ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ይኼን ትእዛዝ አስቀድም» የሚል አንድ መስመር ማስገባት ይቻላል፤ ትእዛዙ የታይምሺፍት ስናፕሾት ማንሻ ይሆናል። ልብ በይ፣ በአንድ ትልቅ አፕዴት ውስጥ ያ በር ከአንዴ በላይ ሊንኳኳ ይችላል፤ እንዲህ በትእዛዝ የተነሱትንም ታይምሺፍት እንደ ቀኑና እንደ ሳምንቱ ቆጥሮ በራሱ አይሰርዛቸውም። ስለዚህ የቆዩትን የሚያነሳ ነገር አብሮ ማበጀት አለብሽ፣ ካልሆነ ራስሽ በወር አንዴ ግቢና አጽጂ። ይኼን መስመር አብረን እንጽፈዋለን፤ ዛሬ ብቻሽን እንድትሞክሪው አልፈልግም። እስከዚያው ግን አፕዴት ከማድረግሽ በፊት ታይምሺፍትን ከፍተሽ «ፍጠር» የሚለውን መጫን ልመጂ።

የት ነው የሚቀመጠው? አቅም ካለሽ ውጫዊ ዲስክ ላይ። ግን እዚህ ገበያ የምትገዢው ውጫዊ ዲስክ ብዙ ጊዜ ለዊንዶውስ ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ በኤንቲኤፍኤስ ወይም በፋት ፎርማት የሆነውን ታይምሺፍት ለአርሲንክ አይቀበለውም። የሊኑክስ ክፍል መፍጠር አለብሽ። ያ ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን ማጥፋት ሊሆን ይችላልና የቤተሰብ ፎቶ ያለበትን ዲስክ ለዚህ እንዳታደርጊው። ቢተርኤፍኤስ ከሆነ ስናፕሾቱ እዚያው ሲስተሙ ያለበት ዲስክ ላይ ይቀራል፤ ሌላ ቦታ አይሄድም።

ለእያንዳንዱ ስናፕሾት ማስታወሻ ጻፊለት፤ ቦታው አለ። «ከግዕዝ ኪቦርድ በፊት»፣ «ከፕሪንተሩ በፊት»። ዝርዝሩ ቀኑን በፈረንጅ፣ ሰዓቱንም በ24 ቆጠራ ነው የሚያሳይሽ። 19:40 የሚል ስታዪ በኛ አነጋገር ከምሽቱ 1:40 ነው፤ ያውም በሙስካት፣ አዲስ አበባ ላሉት ገና 12:40 ነው። የተጨነቀ ሰው ከዝርዝሩ ውስጥ «ጠዋት ነበር፣ ማታ ነበር» እያለ ሲያሰላ የተሳሳተውን ይመርጣል። በአማርኛ የተጻፈች አንድ መስመር ከዚያ ሁሉ ታድንሻለች።

መመለሱን ደግሞ ዛሬውኑ፣ ምንም ሳይበላሽ ሞክሪው። ሞክረሽ የማታውቂውን መመለሻ እንዳለሽ አትቁጠሪው። ትንሽ ፕሮግራም ጫኚ፣ ስናፕሾቱን መልሺ፣ ፕሮግራሙ መጥፋቱን እዪ። ማሽኑ ጨርሶ ባይነሳስ? ለዚያ አንድ ፍላሽ ላይ የሚንትን መጫኛ አዘጋጂና ከላፕቶፑ ቦርሳ አትለዪው። ማሽኑን በፍላሹ ታስነሺዋለሽ፤ ታይምሺፍት እዚያም ውስጥ አለ፤ የዲስክሽን ስናፕሾቶች አሳይቶሽ ወደመረጥሽው ይመልሳል። ፍላሹን ማሽኑ ደህና በሆነበት ቀን ነው የምታዘጋጂው። ከተሰበረ በኋላ በምን ኮምፒውተር ትሠሪዋለሽ? የአሠሪሽን ልጅ ላፕቶፕ ልትለምኚ ነው?

አሁን ብዙ ሰው ወደማያነሳው ነገር ልምጣ፤ ስናፕሾት የማይመልሰው ምንድን ነው? የራስሽ ፋይሎች ያሉበት ሆም የሚባለው ፎልደር በታይምሺፍት ካላዘዝሽው በቀር አይነካም፤ ኦፕንሱሴም ለብቻው ነው የሚያስቀምጠው። ይኼ ሆን ተብሎ ነው፣ ትክክልም ነው። ሲስተሙን ወደ ማክሰኞ ስትመልሺ ሐሙስ የጻፍሽው የኮርስ ሥራ አብሮ እንዲጠፋ አትፈልጊም። ግን ከዚህ የሚመጣ አንድ ግራ መጋባት አለ፤ ቀድመሽ እወቂው። ፕሮግራሙ ወደ አሮጌ ስሪት ሲመለስ ሆም ውስጥ ያለው ቅንብሩ የአዲሱ ስሪት ሆኖ ይቀራል። ፋየርፎክስ በ2019 እ.ኤ.አ. ከወጣው 67ኛ ስሪቱ ጀምሮ በአዲስ ስሪት የተነካውን ፕሮፋይል በአሮጌው አልከፍትም ይላል፤ አዲስ ባዶ ፕሮፋይል ፍጠሪ ይልሻል። ያን ጊዜ ያስቀመጥሻቸው የይለፍ ቃላት ሁሉ የጠፉ ይመስልሻል። አልጠፉም። ፕሮፋይሉ ቦታው ላይ አለ፤ ፋየርፎክስን ብቻ ወደ አዲሱ ስሪት አሻሽለሽ የቀድሞውን ፕሮፋይል ስትመርጪ ይመለሳል። በድንጋጤ ምንም እንዳትሰርዢ።

ከዚህ የሚከፋው ዳታቤዝ ነው። ያቺ ሱቅ ያላት ጓደኛሽ ሂሳቧን እንድትይዢላት ጠይቃሻለች ብለሽኛል። ፖስትግሬስ ወይም ማይኤስኪውኤል ብትጠቀሚ መረጃው የሚቀመጠው ሆም ውስጥ ሳይሆን ቫር በሚባለው ፎልደር ነው። ኦፕንሱሴ ቫርን ከስናፕሾቱ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ሲስተሙ ሲመለስ ሂሳቡ አይመለስም። ታይምሺፍት ግን ቫርንም ከሲስተሙ ጋር ይዞ ይመልሳል። ማክሰኞ ወደነበረው ተመለሽ ማለት ረቡዕና ሐሙስ የገባው የሽያጭ መዝገብ ከፊትሽ ተነሳ ማለት ነው። ስለዚህ ሂሳብ ባለበት ማሽን ላይ ሪስቶር ከማድረግሽ በፊት ዳታቤዙን ወደ ፋይል አውጪና ሌላ ቦታ አስቀምጪ። የሰው ገንዘብ ነው፤ በዚህ ላይ አትቀልጂ።

በዚሁ ላይ ሱሴዎች ያደረጉት አንድ ነገር ያስደስተኛል። ቫር ከስናፕሾቱ ከወጣ፣ እዚያ ውስጥ ይኖር የነበረው የተጫኑ ፓኬጆች መዝገብም አብሮ ይወጣል፤ ሲስተሙ ወደ ኋላ ተመልሶ መዝገቡ የአሁኑን ቢያወራ ሁለቱ አይገናኙም። ስለዚህ መዝገቡን ከቫር አንስተው ዩዝር ወደሚባለው ፎልደር አዛወሩት፤ ዕቃውና ዝርዝሩ አብረው እንዲሄዱ። ስናፕሾትን ራስሽ ስታደራጂ የምትጠይቂው ይኼንኑ ነው፦ አብረው መሄድ ያለባቸው አብረው ይሄዳሉ ወይ? ቡት የሚባለው ክፍልም እንደዚሁ ነው። ፌዶራ የሚባለው ሊኑክስ ከ33ኛው ስሪቱ፣ ከኦክቶበር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዴስክቶፕ ቢተርኤፍኤስን ይጠቀማል፤ ከርነሉ ያለበትን ቡት ግን በተለየ የኤክስት 4 ክፍል ነው የሚያስቀምጠው። በዚያ ላይ ሲስተሙን ብቻ ወደ ኋላ ብትመልሺ ከርነሉ የአዲሱ፣ የሚፈልጋቸው ሞጁሎች የአሮጌው ይሆኑና አይግባቡም። ቢተርኤፍኤስ ስላለኝ ደህና ነኝ ብሎ መተኛት አይቻልም።

ኋላ እመለስበታለሁ ያልኩሽ የቦታው ነገር። ስናፕሾት ያለበትን ዲስክ ስታጸጂ የሚገርም ነገር ይገጥምሻል። ትልቅ ፕሮግራም ታወጫለሽ፣ ቦታው ግን አይለቀቅም፤ አሮጌው ስናፕሾት ስለያዘው። ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ 128 ጊጋባይት ዲስክ ይዘሽ ይኼ ቀላል አይደለም። ቢተርኤፍኤስ ጢም ብሎ ሲሞላ ደግሞ ፋይል ለመሰረዝ እንኳ ይቸገራል፤ መሰረዝም መጻፍ ነውና። የሱሴ ሰዎች ራሳቸው ዋናው ክፍል 16 ጊጋባይት ገደማ ካልሞላ ስናፕሾትን አይከፍቱም። ስለዚህ የሚቀመጡትን ቁጥር ገድቢ። አምስት ስድስት ይበቃሻል። ከሁለት ወር በፊት ወደነበረው ሲስተም የምትመለሺበት ምክንያት የለም፤ የደህንነት ቀዳዳዎቹንም መልሰሽ ነው የምትከፍቺው። ዲስኩ ከመሙላቱ በፊት ሩብ ያህሉን ባዶ አድርገሽ መያዝ ልመጂ።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ተመልሰሽ አትቅሪ። ሪስቶር ካደረግሽ በኋላ ጥቂት ቀን ጠብቂ፣ ሠሪዎቹ አስተካክለው ይለቁታል፣ እንደገና አሻሽዪ።

ሌላም የማይሸፍነው አለ። በማርች 2024 እ.ኤ.አ. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ኤክስዜድ በሚባል ፓኬጅ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር አገኘ። ተምብልዊድ የተባለው የኦፕንሱሴ ስሪት ተጠቃሚዎች ከማርች 7 እስከ 28 ያንን ስሪት ሲያገኙ ቆይተዋል። ሱሴዎች ፓኬጁን መለሱት፤ ከሩቅ የሚገባበት ኤስኤስኤች ወደ ኢንተርኔት ክፍት ለሆነባቸው ሰዎች ግን ማሽኑን ከዜሮ እንዲጭኑ ነው የመከሩት። ስናፕሾቱ የፓኬጅን ጉዳት ይመልሳል፤ ሰው ገብቶ ከሆነ ግን የት የት እንደነካ አይነግርሽም። ተጠልፌያለሁ ብለሽ ከጠረጠርሽ ሮልባክ አድርጌ ተገላገልኩ አትበዪ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም። ይኼን አንድ ነገር ብቻ ከኔ ብትወስጂ ደስ ይለኛል። ዲስኩ ሲሞት ስናፕሾቱም አብሮ ይሞታል። ላፕቶፑ ሲሰረቅ አብሮ ይሰረቃል። ሙስካት ደግሞ ውሃ የማያውቃት ከተማ አይደለችም፤ በጁን 2007 እ.ኤ.አ. ጎኑ የተባለው አውሎ ነፋስ ቁሩምን አጥለቅልቋል፤ በኦክቶበር 2021 ሻሂን መጥቶ መንገዶችን ወንዝ አድርጓቸው ነበር። ምድር ቤት የሚያድር ሰው ዕቃ በአንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ይገባል። የፓስፖርትሽን ቅጂ፣ የሥራ ውልሽን፣ የእማዬን ፎቶዎች፣ የኮርስ ሥራሽን በሌላ ዲስክ ገልብጪና ዲስኩን ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጪው። አንድ ግልባጭ እኔ ጋ ይሁን፣ ካልሆነም ኢንተርኔት ላይ በጠንካራ የይለፍ ቃል የተቆለፈ። ሲስተምን መልሶ መጫን ይቻላል። እማዬ ገና ወጣት ሳለች የተነሳችውን ፎቶ ከየትም አታወርጂውም።

ይኼን ሁሉ የምነግርሽ እንድትፈሪ አይደለም፤ እንዲያውም ፍርሃትሽ እንዲለቅሽ ነው። የምትፈራ ልጅ ኮምፒውተር አትማርም። አንዲት ትእዛዝ ለመጻፍ አሥሬ ታስባለች፣ ያየችውን ብቻ ትደግማለች፣ ሲሳሳትባት ስክሪኑን ዘግታ ትሄዳለች። መመለሻ ያላት ልጅ ግን ትነካካለች። ፓኬጁን ትጭናለች፣ ታወጣለች፣ የቅንብር ፋይሉን ከፍታ ቁጥሩን ትቀይራለች፣ ምን እንደሚሆን ታያለች። እዚህ አገር የመጣሽበት ውል አንድ ቀን ያልቃል፤ ያን ቀን አዲስ አበባ ይዘሽ የምትገቢው እውቀት በመነካካት የሚገኝ ነው። ሰርቨር የሚያስተዳድሩት ሰዎች የሚተማመኑት በዚሁ ነው፦ ከመንካታቸው በፊት መመለሻ ያበጃሉ። በእጅሽ ያለው ስልክ እንኳ፣ ከአንድሮይድ 7.0 ወዲህ በመጣው አሠራር የተሠራ ከሆነ፣ አዲሱን ሲስተም በሌላ ክፍል ላይ ጭኖ ካልተነሳ ወደ አሮጌው ይመለሳል። ስልክሽ የሚያገኘውን ጥበቃ ላፕቶፕሽ ለምን ይጣው?

በይ አሁን ታይምሺፍትን ክፈቺ። አርሲንክ የሚለውን ምረጪ፣ የሊኑክስ ክፍል የፈጠርሽበትን ባዶ ውጫዊ ዲስክ አመልክቺው፣ የቀኑን ሦስት፣ የሳምንቱን ሁለት በዪው። የመጀመሪያው ስናፕሾት ረዘም ይላልና ቻርጀሩን ሰኪ፤ ሻይ እስኪፈላ ይሂድ። ሲጨርስ ማስታወሻውን በአማርኛ ጻፊለት፣ ከዚያ አፕዴቱን ጫኚ። ከተነሳ ኪቦርዱን እንቀጥላለን። እኔ ከሄድኩ በኋላ አልነሳም ካለሽ ደግሞ ምንም አትንኪ፣ የስክሪኑን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ እመጣና በፍላሹ አብረን እንመልሰዋለን።